ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ጾሙ ኮሌስትሮሌን አወረደው ወይስ አበላሸው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ48 ዓመት የቢሮ ሠራተኛ ነኝ። ጥር ላይ ስመረመር ጠቅላላ ኮሌስትሮሌ 237፣ መጥፎው (ኤልዲኤል) 168፣ ጥሩው (ኤችዲኤል) 41፣ ትራይግሊሰራይድ (ሌላው የደም ስብ) 142 ነበር። ሐኪሜ አቶርቫስታቲን የሚባል የኮሌስትሮል ማውረጃ ኪኒን አዘዘልኝ። እኔ ግን «ሁዳዴ እየመጣ ነው፣ መጀመሪያ በጾሙ ልሞክረው» ብዬ ኪኒኑን አልጀመርኩም። እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ። ከዚያ ለስላሳ ጠጥቼ ፓስታ በእንጀራ እበላለሁ፤ ማታ ዳቦ በሻይ ነው። ቅዳሜና እሁድ አንድ ሁለት ቢራ አይጠፋም። በ6ኛው ሳምንት ስመረመር ጠቅላላው 217፣ ኤልዲኤል 134፣ ኤችዲኤል 36፣ ትራይግሊሰራይድ ግን 236 ሆነ። ዩሪክ አሲድ (ሲበዛ ሪህ የሚያመጣው) 8.1፣ ቢሊሩቢን (ሲበዛ ዓይን ቢጫ የሚያደርገው) 1.9 ነው፣ ሁለቱም ከፍ ብለዋል፤ የቀረው የጉበት ምርመራ ደህና ነው ተብያለሁ። ደም የሰጠሁት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው፤ ከማታው 2 ሰዓት ጀምሮ ውኃም አልቀመስኩም። ልጄ «ይሄማ ኢንተርሚተንት ፋስቲንግ ነው፣ ኮሌስትሮል ያወርዳል» ትላለች። ታዲያ ትራይግሊሰራይዱን ምን ነካው? ኪኒኑንስ ልተወው?

መልስ፦ ልጅዎ ካለችው ግማሹ ልክ ነው። ሁዳዴ ሁለት ነገር ነው፤ ሰዓት መጠበቅ አለ፣ ፍስክ መተው አለ። ኢንተርሚተንት ፋስቲንግ የሚሉት ሰዓቱን ብቻ ነው። ሰዓቱ ከደረሰ ክትፎም ይበላል። ሰዓት መጠበቅ ለብቻው ኮሌስትሮል ላይ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው፤ እሱም በአብዛኛው የሚታየው ሰውየው ክብደት ከቀነሰ ነው። የእርስዎን ኤልዲኤል ያወረደው የቅቤውና የሥጋው መቅረት ይመስለኛል። የንጥር ቅቤ ከግማሽ በላዩ ሲቀዘቅዝ የሚረጋ የስብ ዓይነት ነው። ይህ ስብ ሲበዛ ጉበት ኤልዲኤልን ከደም ማንሳት ይለግማል።

ግን 34 ወረደ ብለው እልል እንዳይሉ። ብዙ ላቦራቶሪዎች ኤልዲኤልን በቀጥታ አይለኩትም፤ ያሰሉታል። ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤልን ይቀንሳሉ፣ ከዚያ የትራይግሊሰራይዱን አንድ አምስተኛ ይቀንሳሉ። በእርስዎ ወረቀት እንሞክረው። 217 ሲቀነስ 36፣ ሲቀነስ 47፤ 134። ቁጭ አለ! የጥር ወሩንም ውጤት እንደዚሁ ቢያሰሉት 168 ይመጣል። ስለዚህ ትራይግሊሰራይድ በወጣ ቁጥር ኤልዲኤሉ በሒሳቡ ብቻ ዝቅ ይላል። እኔ እንዲህ ሲሆን የማየው ከጠቅላላው ላይ ጥሩው ተቀንሶ የሚቀረውን ነው። የእርስዎ ጥር ላይ 196 ነበር፣ አሁን 181 ነው። ወርዷል፤ ግን የወረደው 15 ነው።

ትራይግሊሰራይዱን ያወጣው 9 ሰዓት ላይ የሚቀርበው ትሪ ነው። ቀኑን ሙሉ ባዶ የዋለ ሆድ ላይ ለስላሳ፣ ፓስታ፣ እንጀራ፣ ከዚያ ዳቦ። ጉበት የተረፈውን ስኳርና ዱቄት ስብ አድርጎ ወደ ደም ይልከዋል፤ ስሙ ትራይግሊሰራይድ ነው። እሱ ሲወጣ ኤችዲኤል ብዙ ጊዜ ይወርዳል፤ የእርስዎም ከ41 ወደ 36 ወርዷል። «ቢራ የጾም ነው» የሚባለው ነገር ደግሞ ጉበት ዘንድ አይሠራም። ትራይግሊሰራይድን ከ150 በታች ነው የምንፈልገው።

ዘይቱንም ይዩት። የሚረጋው የፓልም ዘይት ላይ «ከኮሌስትሮል ነፃ» ተብሎ ቢጻፍም ግማሽ ያህሉ ያው እንደ ቅቤው የሚረጋ ስብ ነው። ሱፍ ወይም ኑግ ይሻላል። ለስላሳውን በውኃ ይተኩት። ፓስታውን ይተዉትና ምስሩን፣ ሽሮውን፣ ጎመኑን ከፍ፣ እንጀራውን ቀነስ ያድርጉት።

ዩሪክ አሲዱና ቢሊሩቢኑ ሌላ ታሪክ ናቸው። እርስዎ ደም የሰጡት ከ18 ሰዓት በኋላ ነው፣ ያውም ያለ ውኃ። ሰውነት ያለውን ስኳር ሲጨርስ ስብ ማቃጠል ይጀምራል፤ ከዚያ ኬቶን የሚባል የስብ ቃጠሎ ውጤት ይወጣል። ኩላሊት ላይ ኬቶንና ዩሪክ አሲድ መውጫ በር ይሻማሉ፤ ዩሪክ አሲድ ተገፍቶ ደም ውስጥ ይቀራል። የውኃ ጥሙ ይብሱን ያከረዋል። የእግር አውራ ጣትዎ ቀልቶ አብጦ ካላሳመመዎት ሪህ ነው ብለው አይደንግጡ። ቢሊሩቢንም ረጅም ሰዓት ሳይበሉ ሲቆዩ ከፍ ይላል። በተለይ ጊልበርት የሚባለው፣ አብሮ የሚወለድና ጉዳት የሌለው ባሕርይ ባለባቸው ሰዎች ላይ ጎልቶ ይታያል። የዓይንዎ ነጩ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንትዎ ከጠቆረ ግን ያንኑ ቀን ሐኪም ጋ ይሂዱ።

በድጋሚ ሲመረመሩ ጠዋት 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ይሂዱ፣ ከእራት በኋላ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ሞልቶ። ውኃ ይጠጡ፤ ውጤቱን አያበላሽም። የፋሲካ ሳምንትን ይለፉት፤ ያን ሳምንት የሚለካው ዶሮ ወጡ ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም፣ ወደ ጰራቅሊጦስ ገደማ ቢለኩት የፍስክ ቁጥርዎ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

(ይህን የሚያነብ የስኳር ሕመምተኛ ካለ፦ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ እየወሰዱ እስከ 9 ሰዓት መቆየት ራስን ስቶ እስከ መውደቅ ያደርሳል። ሐኪምዎ መጠኑን ሳያስተካክል አይሞክሩት።)

ኪኒኑን በራስዎ አይተዉት። እሱን የሚወስነው 134 ብቻውን አይደለም፤ የደም ግፊትዎ፣ ስኳርዎ፣ ማጨስዎ፣ አባትዎ ወይም ወንድምዎ በልብ ሕመም በወጣትነት መታመማቸው ሁሉ ይታያል። የጾም ነገር ካሳሰበዎት አቶርቫስታቲን ማታ ከእራት በኋላም ይዋጣል። እስከ ጰራቅሊጦስ ሳይጠብቁ በዚህ ሳምንት ሁለቱንም ወረቀት ይዘው ወደ ሐኪምዎ ይሂዱ። ኪኒኑን እንዳልጀመሩም ሳይደብቁ ይንገሩት። ያለበለዚያ 134ን ሲያይ ኪኒኑ ያመጣው መስሎት «ጥሩ ነው፣ በዚሁ ይቀጥሉ» ብሎ ይሸኝዎታል።