መልስ፦ በቦዬ ረግረግ ስላዩት ባለ ዘውድ ወፍ

በማለዳ ጅማ አጠገብ ባለው በቦዬ ረግረግ ዳር፣ ራሱ ላይ እንደ ወርቃማ ብሩሽ የቆመ ላባ ያለው ረጅም ወፍ አይተው ምንነቱንና ብርቅ መሆን አለመሆኑን ጠይቀዋል። እንደ ገለጻዎ ከሆነ ያዩት ጥቁሩን ባለ ዘውድ ክሬን ነው። በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ከሚኖረው ግራጫ ዘመዱ ጋር ብዙ ሰው ያምታታዋል፤ የዚህኛው አንገት ግን ጠቆር ያለ ሲሆን ጉንጩም ከላይ ነጭ፣ ከታች ቀላ ያለ ነው። በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት ተጋላጭ ከተባሉት አንዱ በመሆኑ ብርቅ ቢሉት አልተሳሳቱም፤ ጅማ ዙሪያ ግን ረግረጉ እስካልደረቀ ድረስ ብቅ ማለቱ እንግዳ ነገር አይደለም።

ጎጆውን የሚሠራው ውኃ በቆመበት ሣር መካከል ስለሆነ፣ በተለይ በክረምት ወራት ፎቶ ለማንሳት ብለው ወደ ውስጥ አይግቡ፤ ወላጆቹ ደንግጠው ከተነሡ እንቁላሉና ጫጩቱ ለአሞራ ይጋለጣሉ (ጉማሬም አለና ለራስዎም አይበጅም)። ፀሐይ ሳትበረታ ከዳር ቆመው በባይኖኩላር ቢመለከቱ ይሻላል። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቁጥራቸውን ኢበርድ በተባለው የወፍ ምልከታ መመዝገቢያ መተግበሪያ ቢያስመዘግቡ ደግሞ ለሌሎችም ይጠቅማል። ለመሆኑ ብቻውን ነበር ወይስ ጥንድ ነበሩ?