ቁጥሩ ስንት ነው ከማለታችሁ በፊት

ለላቦራቶሪና ለሕክምና ወጣት ባለሙያዎች፤

ደም የሚፈስሰው ታካሚ ወደ ላቦራቶሪ ሲላክ አብሮት የሚመጣው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ፕላትሌቱ ስንት ነው?» ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚያስከፋኝ መጀመሪያም መጨረሻም እርሱ ብቻ ሲሆን ነው። ማሽኑ ወዲያው ቁጥር ያወጣል፣ ቁጥሩ ይታተማል፣ ከታተመ በኋላ የሚጠራጠረው የለም። ልመናዬ አጭር ናት፤ ከቁጥሩ በፊት ታካሚውን ጠይቁ፣ ከቁጥሩ በኋላ ደሙ ስስ ተደርጎ የተቀባበትን መስታወት፣ ስላይዱን፣ እዩ።

ፕላትሌት በመቅኒ ውስጥ ከሚገኝ ግዙፍ ሕዋስ የምትቆረስ፣ ከቀይ የደም ሕዋስ እጅግ ያነሰች ቁራሽ ናት። ዕድሜዋ ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። የደም ሥር ሲቆረጥ ቀድማ ደርሳ ቁስሉን የምትደፍነው እርሷ ስለሆነች ጉድለቷም ወዲያውኑና ላይ ላዩን ይታያል፦ ነስር፣ የድድ መድማት፣ የበዛ የወር አበባ፣ እግር ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያክሉና በጣት ሲጫኗቸው የማይደበዝዙ ቀይ ነጥቦች። ጉልበቱ በደም ተሞልቶ ያበጠ ወንድ ልጅ፣ ወይም ጥርሱን ተነቅሎ ደህና ከዋለ በኋላ በማግስቱ የሚደማ ሰው ሲመጣ ግን ሐሳባችሁ ደም የሚያረጋ ፕሮቲን ወደሚጎድልባቸው ሕመሞች፣ ወደ ሄሞፊሊያና መሰሎቹ፣ ይሂድ። ይህን ለመጠርጠር ማሽን አያስፈልግም፤ ታካሚው ሲናገር ማዳመጥ ይበቃል።

አንዲት ወጣት እናት «ፕላትሌቷ 18,000 ነው» ተብላ ለመቅኒ ምርመራ ተላከች። ጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ150,000 እስከ 450,000 ስለሚኖረው ቁጥሩ ያስደነግጣል። ሴትዮዋ ግን ቆዳዋ ላይ አንድም ነጥብ የለም፤ ስትወልድም ከሌላው የተለየ ደም አልፈሰሳትም፤ ደም የተቀዳበት ክንዷ እንኳ አልበለዘም። ስላይዱን ቀለም አጠጥተን፣ ደሙ ሳስቶ የሚያልቅበትን ዳር በማይክሮስኮፕ ስናይ ፕላትሌቶቹ በሃያ በሠላሳ ተጣብቀው ሐምራዊ ክምር ሠርተዋል። ማሽኑ ደግሞ ክምሩን ፕላትሌት ብሎ አይቆጥረውም። ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ውስጥ ያለው፣ ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ የአንዳንድ ሰዎችን ፕላትሌት እንዲህ ያጣብቃል፤ በሰውነታቸው ውስጥ ግን ምንም የለም። ደሙን ሰማያዊ ክዳን ባለው የሲትሬት ቱቦ እንደገና ቀድታችሁ ቁጠሩ፤ ፈሳሹ ደሙን ስለሚያቀጥነው ውጤቱን በ1.1 አባዙት። የእርሷ ቁጥር ጤነኛ ሆኖ ወጣ፤ መቅኒዋም ሳይነካ ወደ ቤቷ ሄደች። (ደም ቀድቶ ቱቦውን ሳያገላብጥ ጠረጴዛ ላይ ጥሎ የሚሄድ ባለሙያም ክምር ይሠራል። ያ ግን የረጋ ደም ነው። በስንጥር ፈትሹት፤ የረጋ ነገር ከወጣ የላከው ሰው ቢቆጣም ናሙናውን መልሱ።)

ከዚህ የሚከፋው ተገላቢጦሹ ነው፤ ቁጥሩ ሙሉ ሆኖ ሰውየው ይደማል። ስዊዘርላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ኤድዋርድ ግላንዝማን በ1918 የገለጸው ሕመም እንዲህ ያለ ነው። ፕላትሌቶቹ በቁጥርም በመልክም ምንም አይጎድላቸውም፤ የሚጎድላቸው እርስ በርስ የሚያያይዛቸው ፕሮቲን ነው። ከጣት ወግታችሁ ደሙን በቀጥታ ስላይድ ላይ ሳቡት። የጤነኛ ሰው ፕላትሌት እዚህ ላይ በክምር በክምር መታየት አለበት፤ የግላንዝማን ታካሚ ፕላትሌት ግን ለየብቻው ተበትኖ ይቀራል። ማረጋገጫው የተሻለ ላቦራቶሪ ይፈልጋል፤ ጥርጣሬው ግን ማይክሮስኮፕ ባለው በማንኛውም ጤና ጣቢያ ሊጀመር ይችላል። በ1948 ፈረንሳውያኑ ዣን በርናርድና ዣን ፒየር ሱሊዬ በገለጹት ሕመም ደግሞ ፕላትሌቶቹ ይገዝፋሉ፤ አንዳንዶቹ ቀይ የደም ሕዋስ ስለሚያክሉ ማሽኑ ይስታቸዋል።

ሁለቱም ሕመሞች በአብዛኛው የሚወረሱት ከእናትም ከአባትም ሲመጡ ነው። ሰባት ቤት ቆጥሮ በሚጋባ ማኅበረሰብ ዕድላቸው ያነሰ፣ የአክስትና የአጎት ልጆች በሚጋቡበት ለምሳሌ እንደ አፋር አብሱማ ባለ ልማድ ውስጥ የበዛ ነው። ስትጠይቁ ፊታችሁ ላይ ፍርድ አይታይ፤ ከታየ እውነቱን አይነግሯችሁም።

ሴቶችን «የወር አበባሽ ይበዛል?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ «ደህና ነው» ነው፤ እናቷም አክስቷም እንደዚያው ስለሆኑ የሚበዛው ከማን በልጦ እንደሆነ አታውቅም። ከ7 ቀን ያልፋል? ሞዴሱ በሰዓት በሰዓት ይሞላል? ሌሊት ለመቀየር ትነሻለሽ? በእነዚያ ቀናት ከትምህርት ቤት ትቀሪያለሽ? የደም ማነስ እንክብል ስንት ጊዜ ተሰጠሽ? እንዲህ ስትጠየቅ ነው ነገሩ የሚወጣው። ፊንላንዳዊው ኤሪክ ፎን ቪለብራንድ በ1926 የጻፈላት የኦላንድ ደሴቶች ልጅ በ13 ዓመቷ የሞተችው በወር አበባ ደም ነው። ከእህቶቿም በሕፃንነታቸው ደም ፈስሷቸው የሞቱ ነበሩ። በስሙ የሚጠራው ሕመም የፕላትሌት ሳይሆን ፕላትሌትን ከቁስሉ ጋር የሚያጣብቀው ፕሮቲን ጉድለት ቢሆንም ምልክቱ አንድ ዓይነት ነው። በየጤና ተቋሙ የብረት እንክብል ብቻ እየተሰጣቸው ከሚመለሱ ልጃገረዶች መካከል ስንቷ የደሙ ምንጭ ሳይጠየቅ እንደቀረ ሳስብ እናደዳለሁ።

ቁጥሩ በእውነት ሲወርድም ቢሆን አትሸበሩ። በ1950 በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ ዊልያም ሃሪንግተን የተባለ ወጣት ሐኪም ፕላትሌቷ ያለቀ ሴት ደም በራሱ ደም ሥር እንዲገባ አደረገ። በሰዓታት ውስጥ ፕላትሌቱ ተሟጠጠ፤ ቆዳው ላይ ቀይ ነጥቦች ወጡ፤ አንቀጠቀጠው፤ ከቀናት በኋላ ግን አገገመ። (እናንተ እንዳትሞክሩት፤ ዛሬ የትኛውም የሥነ ምግባር ኮሚቴ አይፈቅድም።) ፕላትሌቱን የሚያጠፋው በደም ፈሳሽ ውስጥ ያለ ነገር መሆኑ የታወቀው በዚህ ነው፤ ኋላ ፀረ እንግዳ አካል እንደሆነ ተረጋገጠ። ይህ ሕመም ያለበት፣ ነገር ግን የማይደማና ቁጥሩ ከ30,000 ያልወረደ አዋቂ ብዙ ጊዜ ክትትል እንጂ መድኃኒት አያሻውም። በእኛ አገር ደግሞ ወባን፣ ከመተማና ከሁመራ እርሻ ለተመለሰ ሰው ካላዛርን፣ ለድሬዳዋ ሰው ዴንጊን፣ ያበጠ ጣፊያንና ኤች አይ ቪን ሳትመረምሩ «የፕላትሌት በሽታ» ብላችሁ አትዝጉ።

መድኃኒትም ጠይቁ፤ «ምንም አልወስድም» የሚል ሰው ለራስ ምታት ከሱቅ የገዛትን አስፕሪን መድኃኒት ብሎ አይቆጥራትም። አንዲት እንክብል የነካቻቸው ፕላትሌቶች እስኪሞቱ ድረስ ወደ ሥራ አይመለሱም። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ያደክሟቸዋል፤ ለእነዚህ ታካሚዎች ሕመም ማስታገሻ ፓራሲታሞል ይሻላል።

ሕመሙ ከታወቀ በኋላ ታካሚው በኪሱ የሚይዘው ወረቀት ጻፉለት፦ የሕመሙ ስም፣ የደም ዓይነቱ፣ የማይሰጡት መድኃኒቶች፣ የሚደወልበት ስልክ። ጥርስ ከመነቀሉ፣ ልጁ ከመገረዙ በፊት ለባለሙያው እንዲያሳይ ንገሩት፤ እንጥል ማስቆረጥን ፈጽሞ ከልክሉ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ብቻ አይሁን፤ ታካሚው በሚያነበው ቋንቋም ጻፉት፣ ማንበብ የማይችል ከሆነም አብሮት ለመጣው ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት።