ፕሮባቢሊቲ ከዜሮ በታች ይወርዳል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ኤ የሚባል ክስተት ፕሮባቢሊቲ (የመሆን ዕድሉ) 0.5፣ ቢ የሚባለው ደግሞ 0.7 ነው። «ሁለቱም የማይሆኑበት» ሲባል 1 − 0.5 − 0.7 = −0.2 አገኘሁ። ልክ ነው?

መልስ፦ አይደለም። የሒሳብ ሊቁ ኮልሞጎሮቭ እ.ኤ.አ. በ1933 ካስቀመጣቸው አክሲዮሞች (መነሻ ሕጎች) አንዱ የማንኛውም ክስተት ፕሮባቢሊቲ ከዜሮ አያንስም ይላል። ስህተትህ ኤና ቢ አብረው የሚሆኑበትን ክፍል ሁለት ጊዜ መቀነስህ ነው። አብረው የመሆናቸው ፕሮባቢሊቲ 0.4 ከተሰጠህ፣ 1 − (0.5 + 0.7 − 0.4) = 0.2 ይሆናል። ካልተሰጠህም አብረው የመሆናቸው ፕሮባቢሊቲ ቢያንስ 0.2 መሆኑን ያው −0.2 ራሱ ይነግርሃል።

ጥያቄ፦ ብድር የሚመልሱና የማይመልሱ ደንበኞችን በ1 እና በ0 መዝግቤ ሬግሬሽን ሠራሁ። ለአንዱ ደንበኛ −0.07 ወጣ።

መልስ፦ ቀጥታ መስመር ስለተጠቀምሽ ነው፤ መስመር 0 ላይም 1 ላይም አይቆምም። ኔጌቲቩን በ0 ተክቶ ማለፍ አይበጅም፤ የመስመሩ ተዳፋት እንደተዛባ ይቀራል። ውጤቱ ሁልጊዜ በ0 እና በ1 መካከል የሚቆየውን ሎጂስቲክ ሬግሬሽን ተጠቀሚ። ከነጥቡ በኋላ አሥራ ስድስት ዜሮ ተከትሎ የሚመጣ ኔጌቲቭ ከሆነ ግን የኮምፒውተሩ የማጠጋጋት ስህተት ነው፤ እሱን በ0 መተካት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ፊዚክስ ውስጥ «ኔጌቲቭ ፕሮባቢሊቲ» የሚሉት ምንድን ነው?

መልስ፦ የፊዚክስ ሊቁ ዊግነር እ.ኤ.አ. በ1932 የአንድን ቅንጣት ቦታና ሞመንተም (የቁስ መጠኑ በፍጥነቱ ሲባዛ) ባንድነት የሚገልጽ ፋንክሽን አወጣ። ይህ ፋንክሽን አንዳንድ ቦታ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ሆኖም ሞመንተሙን በሙሉ ደምረህ ቦታውን ብቻ ብታስቀር፣ ወይም በተቃራኒው ብታደርግ፣ ኔጌቲቩ ይጠፋል። ሁለቱን ባንድ ጊዜ በትክክል የሚለካ መሣሪያ ስለሌለ ኔጌቲቩን ቁጥር በቀጥታ የሚያይ የለም። ሌላው የፊዚክስ ሊቅ ዲራክ እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተመው ጽሑፍ ከኔጌቲቭ ገንዘብ ጋር አመሳስሎታል፤ እኛ ዕዳ እንደምንለው መሆኑ ነው። ዕዳ በኪስ አይያዝም፣ ሒሳቡ ላይ ግን ይሠራል። ምሳሌው እስካሁን የሚበልጠው አላየሁም።

ጥያቄ፦ በወረቀት የሚሠራ ምሳሌ ይኖራል?

መልስ፦ አለ፣ በጣም የሚያምር። የሒሳብ ሊቁ ሴኬይ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው «ግማሽ ሳንቲም» ነው። ጎፈር 0፣ ዘውድ 1 ይሁን። ሁለቱ ሲደመሩ አንድ ትክክለኛ ሳንቲም የሚሰጡ ሁለት እኩል ነገሮች እንፈልግ። የሳንቲሙ ፋንክሽን (1 + ሀ) ÷ 2 ነው፤ ሀ ምልክት ብቻ ነው፣ ሀ የሌለበት ½ የ0፣ ከሀ ጋር ያለው ½ የ1 ፕሮባቢሊቲ ነው። ሁለት ነገሮች ሲደመሩ ፋንክሽኖቻቸው ስለሚባዙ፣ የግማሹን ለማግኘት ስኩዌር ሩቱን አውጥተን በሀ ፓወሮች ብንዘረዝረው የየቁጥሩ ድርሻ እንዲህ ይመጣል፦

0 → 0.7071
1 → 0.3536
2 → −0.0884
3 → 0.0442
4 → −0.0276

እንዲህ ምልክቱን እየቀያየረ ማለቂያ የለውም፤ ጠቅላላ ድምሩ 1 ነው። እዚህ ላይ ብታቆሙ ግን 0.989 ብቻ ስለምታገኙ ተሳሳትኩ ብላችሁ አትደንግጡ።

አሁን ሁለት ግማሽ ሳንቲሞችን ደምሩ። 0 የሚመጣው 0.7071 × 0.7071 = 0.5። 1 የሚመጣው 2 × 0.7071 × 0.3536 = 0.5። 2ስ? 0 እና 2፣ 2 እና 0፣ ወይም 1 እና 1 ሲገጥሙ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ −0.125፣ የመጨረሻው +0.125። ድምሩ ዜሮ። ኔጌቲቩ ባይኖር ኖሮ ሳንቲሙ «2» የሚል ሦስተኛ ፊት ይኖረው ነበር።

ጥያቄ፦ ግማሹን ብቻዬን መወርወር እችላለሁ?

መልስ፦ አትችልም። አንድ ሺህ ጊዜ ወርውረህ 2 «−88 ጊዜ» መጣ ብለህ የምትቆጥረው ነገር የለም። የሚወረወረው የሁለቱ ድምር ብቻ ነው።