«ገንዘቡ በአስተማማኝ እጅ ነው» ካሉ፣ በማን እጅ?

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ለችግረኛ ልጆች ምሳና ማስጠኛ የምንሰጥ ትንሽ ማኅበር ነን። የተመዘገብነው በክልሉ ነው። ወጪያችንን ይሸፍን የነበረው የአሜሪካ እርዳታ ጥር 2017 ላይ ቆመ፤ በዚያው ቀረ። ሠራተኞች መቀነስ እንችላለን? ሐይቁ ዳር ዓሣ ቤት ከፍተን ራሳችንን ብንችልስ? ልጆቹን ለሰልፍ ይዛችሁ ውጡ የሚሉንም አሉ። እምቢ ካላችሁ ሒሳባችሁ ይታገዳል እየተባልን ነው። የቀረን ገንዘብ ግን በአስተማማኝ እጅ ነው። ሰብሳቢዋ ነኝ።

መልስ፦ የጠየቁኝን በአጭሩ ልመልስ። ዋናው ጉዳይ ያልጠየቁኝ ነው።

ዓሣ ቤቱን በተመለከተ፣ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ድርጅቶች ገቢ ማስገኛ ሥራ እንዲሠሩ ይፈቅዳል። ትርፉ ለዓላማው ይውላል እንጂ ለአባላት አይከፋፈልም። ይህ የፌዴራል አዋጅ ግን በአንድ ክልል ብቻ ለሚሠራ ማኅበር አልወጣም። ስለዚህ የክልሉን ሕግና መተዳደሪያ ደንባችሁን እዩ፤ የመዘገባችሁን ቢሮ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ንግዱ የራሱ ፈቃድና የራሱ መዝገብ ያስፈልገዋል። «ለድሃ ልጆች ነው» ማለት ብቻውን ከግብር አያድንም።

ሠራተኞችን መቀነስ ይቻላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በቅነሳ ሲሰናበት የ2 ወር ማስጠንቀቂያ አለው። የሥራ ስንብት ክፍያም ይመጣል። ውላቸው ለፕሮጀክት የተገደበ ከሆነ ነገሩ ሊለይ ስለሚችል፣ ደብዳቤ ከመስጠታችሁ በፊት ውሎቹን ለጠበቃ አሳዩ።

ሰልፉን በቃል እሺም እምቢም አትበሉ። ጥያቄው በደብዳቤ ይምጣላችሁ። ቦርዱ ተሰብስቦ ይወስን፤ መልሱ የማኅበሩን ዓላማና የልጆቹን ደኅንነት ጠቅሶ በትሕትና ይጻፍ። የወላጅ ፈቃድ ሳይኖር ልጅ ይዞ አደባባይ መውጣት የእናንተ ሥልጣን አይደለም። ከሌላው ወገንም የመዋጮ ጥያቄ መጥቶባችሁ ከሆነ፣ ለእኔም ሆነ ለማንም በጽሑፍ እንዳትልኩት። ጠበቃ ቢሮ ገብታችሁ ተናገሩ።

አሁን ወደ «አስተማማኝ እጅ»። ባንክ ነው አላሉኝም፤ እጅ ነው ያሉኝ። ሒሳቡ እንዳይታገድ ብላችሁ ገንዘቡን አውጥታችሁ በገንዘብ ያዡ የግል ሒሳብ አስገብታችኋል ብዬ ልገምት። ካልሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከሆነ ግን፣ እመቤቴ፣ ይህን ሳያማክሩ መሥራት አልነበረባችሁም። ቢሮዬ የሚመጡ ማኅበራት ደጋግመው የሚገቡበት ጉድጓድ ይኸው ነው። ብዙዎቹ ቅን ሰዎች ናቸው።

ገንዘብ ያዡ ታማኝ ናቸው እንበል። ነገ ቢሞቱስ? ባንኩ የሚያውቀው የእሳቸውን ስም ነው፤ የሚጠይቀውም የወራሽነት ማስረጃ ነው። ባለትዳር ናቸው? በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ፍቺ ቢመጣ የልጆቹ ምሳ ክርክር ውስጥ ይገባል። የግል ዕዳ ካለባቸውም አበዳሪው በፍርድ ቤት ሊያስይዘው ይችላል። «የማኅበሩ ነው» የሚል ወረቀት ተፈራርመን ነበር የሚሉ አሉ። ወረቀቱ ከምንም ይሻላል። ግን እናንተን ከሦስተኛ ወገን ጋር ዓመታት ከመከራከር አያድናችሁም።

የወንጀሉ ጎን ይብሳል። በአደራ የተረከቡትን የሌላ ሰው ንብረት ለራስ ማዋል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 675 እምነት ማጉደል ነው። ገንዘብ ያዡ አንድ ብር ባይነኩ እንኳ፣ የእሳቸው ደመወዝና የማኅበሩ ብር በአንድ ሒሳብ ከተቀላቀለ ያንን ማስረዳት የእሳቸው ፈተና ይሆናል። እርስዎም ወጪውን ከፈረሙ ጥያቄው ይደርስዎታል። የፈራችሁት እገዳ ከመጣ ደግሞ መርማሪው መጀመሪያ የሚያየው ዝውውሩን ነው። እናንተ «አዳንነው» ትላላችሁ፤ እሱ «አሸሹት» ብሎ ይጽፋል።

ከገንዘቡ ውስጥ የለጋሹ ቀሪ አለ? ውሉን አውጥታችሁ አንብቡ። ፕሮጀክት ሲቋረጥ ያልወጣው ገንዘብ ይመለስ የሚሉ ውሎች ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ኮምፒውተሩንና ምድጃውን ጭምር ይጠይቃሉ። በዚያ ብር የቤት ኪራይ ወይም ደመወዝ ከፍላችሁ ከሆነ ሳትደብቁ ለጠበቃችሁ ንገሩ።

ገንዘቡ ቶሎ ወደ ማኅበሩ ሒሳብ ይመለስ። በጥሬው ሳይሆን ከባንክ ወደ ባንክ በማዛወር፣ ምክንያቱም ተጽፎ። ገንዘቡ ከገባበት ቀን ጀምሮ ያለውን የግል ሒሳብ ስቴትመንት ያውጡ። የወጣ ካለ ደረሰኙ ይሰብሰብ። ቦርዱ የሆነውን እንደሆነው በቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ በዛሬው ቀን። «ያኔ ወስነን ነበር» ብላችሁ ያለፈ ቀን እንዳትጽፉበት! ችግሩ የሒሳብ አያያዝ ብቻ የነበረን ሰው ሐሰተኛ ሰነድ ወደሚባል ክስ የሚወስደው ይህ ነው።

ለቢሮውም ሆነ ለለጋሹ ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት ሰነዶቹን ይዛችሁ ባሕር ዳር ያለ ጠበቃ ዘንድ ሂዱ፤ እኔ ወረቀቶቻችሁን አላየሁም። የምዝገባ ሰርተፍኬቱ፣ ደንቡ፣ የለጋሹ ውል፣ የሠራተኞቹ ውሎች፣ የሁለቱም ሒሳቦች ስቴትመንት አይቅሩ። ገንዘብ ያዡ ግን ለብቻቸው ሌላ ጠበቃ ያማክሩ። በዚህ ጉዳይ የእሳቸውና የማኅበሩ ጥቅም አንድ ላይሆን ይችላል።