ካሜራ ይዛችሁ ሠርግ ለምትወጡ የጎንደር ልጆች

ልጆች፣ ጤና ይስጥልኝ።

ጥር ሲቃረብ ከእናንተ የሚመጣው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፤ «የትኛውን ካሜራ ልግዛ?» እመጣበታለሁ። ከካሜራው በፊት ግን የሠርጉን ሥርዓት ከጠዋቱ የሽማግሌ ምርቃት እስከ መልስና ቅልቅል በቃላችሁ ያዙ። ሙሽሮች የሚከፍሏችሁ ለማይደገመው ነገር ነው። ኬክ ሲቆረስ ቢያመልጣችሁ ቢላዋውን መልሰው ይይዙላችኋል። ሙሽሪት የእናቷን ጉልበት ስትስም ቢያመልጣችሁ ግን «እስኪ እንደገና ሳሚ» አይባልም። ቢባልም ፎቶው ያስታውቅበታል።

ይህን ጉልበት መሳም ቀረብ ብለን እንየው። ሙሽራው ሙሽሪትን ሊወስድ ሲመጣ ሳሎኑ እስከ አፍ ገደፉ ይሞላል። ወላጆችና ሽማግሌዎች ሶፋ ላይ ይደረደራሉ፤ ሶፋው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መስኮት ሥር ነው። ፊት ለፊት ቆማችሁ ካነሳችሁ መስኮቱ ተቃጥሎ ነጭ ይሆናል፣ ፊት ይጠቁራል። ስለዚህ ሙሽሮቹ ከመግባታቸው ሩብ ሰዓት ቀድማችሁ ግቡ፤ የቤቱን ሰው አስፈቅዳችሁ መጋረጃውን ዝጉ፤ ቀና ብላችሁ ኮርኒሱን እዩ። ነጭ ከሆነ ፍላሹን ወደ ላይና ትንሽ ወደ ኋላ አዙሩት፤ ብርሃኑ ለስልሶ ይወርዳል። ለእንዲህ ያለ ሳሎን 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ) 4፣ ሹተር (የካሜራው መክፈቻና መዝጊያ) 1/200 ሰከንድ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ከ800 እስከ 3200 ጥሩ መነሻ ነው። አፐርቸሩን 1.8 ላይ ከፍተው ከኋላ ያለውን ሊያደበዝዙ የሚሞክሩ አሉ፤ ያን ጊዜ የእናትየው ዓይን ጠርቶ የልጅቷ ፊት ይደበዝዛል፤ ሁለቱ እኩል ርቀት ላይ አይደሉማ።

እናንተም ዝቅ በሉ። ከተቀመጡት ሽማግሌ ጎን በርከክ ብሎ የሚያነሳ ሰው ቆሞ ከሚያነሳው ይሻላል። የጎነበሰች ሙሽሪት ፊቷ አይታይም፣ የሚታየው ቬሏ ነው፤ ፎቶው ያለው በመራቂው እጅና ፊት ላይ ነው። ምርቃቱ አልቆ ቀና ስትል ደግሞ እንባ ያዘለው ዓይኗ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ይታያል። ብዙዎች ሽማግሌውን አንስተው «እንዴት ወጣ?» ብለው ስክሪናቸውን የሚያዩት ልክ በዚያች ቅጽበት ነው። ስክሪን ማየት መኪና ውስጥ ይደርሳል። ቪዲዮ አንሺውንም ጠዋት ሳትጀምሩ አነጋግሩት፤ እሱ በቀኝ ከሆነ እናንተ በግራ፤ አለበለዚያ ቀኑን ሙሉ ጀርባውን ታነሳላችሁ።

ስለ ልብሱ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ካሜራ ብርሃን በራሱ ሲለካ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርገው ይሞክራል። የሠርጉ ዕለት ነጭ ቬሎ ወይም የሀበሻ ቀሚስ ፍሬሙን ሲሞላው ብርሃን የበዛ መስሎት ያጨልማል፤ የሚጎዳው የሙሽሪት ፊት ነው። ከ2/3 እስከ 1 ስቶፕ (የብርሃን እርከን) ጨምሩ። በመልስ ዕለት ጥቁር ካባ ሲለበስ ስሕተቱ ይገለበጣል፤ ካሜራው ያበራና የካባው ወርቃማ ጥልፍ ተቃጥሎ ነጭ ይሆናል። እዚያ 2/3 ስቶፕ ቀንሱ። ሁለቱንም ቀን በራው (ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል) አንሱ።

የተክሊል ሥራ ስትቀበሉ በዋዜማው ሄዳችሁ የደብሩን አስተዳዳሪ ጠይቁ፤ የት መቆም እንደሚፈቀድና መቼ ፎቶ ማንሳት እንደማይፈቀድ ከእሳቸው ስሙ። ፍላሽ አታብሩ። ወንድ ፎቶ አንሺ ሴቶች በሚቆሙበት በኩል አይዞርም። ድምፅ የሌለው የኤሌክትሮኒክ ሹተር ለቤተ ክርስቲያን የተሠራ ይመስላል፤ ሆኖም በፍሎረሰንት ወይም በርካሽ ኤልኢዲ መብራት ሥር ፎቶው ላይ አግድም ጥላ ይጥላል፤ አስቀድማችሁ ሞክሩት። አዲስ ዓለምም ሆነ ሌላ ሰፈር የኒካ (የሙስሊም ጋብቻ) ሥራ ከተቀበላችሁ የሴቶቹን ክፍል ማን እንደሚያነሳ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሴት ባልደረባ የሌለው ቡድን ግማሹን ሠርግ ውጭ ቆሞ ያሳልፋል።

ወደ ፋሲል ግቢ እንውጣ። ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ቦታ ነውና የፎቶ ፈቃዱንና ክፍያውን ከሠርጉ በፊት ጨርሱ፤ ሙሽራ ይዞ በር ላይ መከራከር ያሳፍራል። ሰዓቱን በወሩ ምረጡ። በጥር እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ስለዚህ የግንቦቹ ሰሜናዊ ጎን ጥላ ነው፣ በ6 ሰዓትም ሙሽሮቹን እዚያ አቁማችሁ ለስላሳ ብርሃን ታገኛላችሁ። ከፋሲካ በኋላ፣ በሚያዝያ አጋማሽ ግን ፀሐይ በአናት ትቆማለች፤ ግንቡ ጥላ አይሰጥም፣ የሰው ዓይን ጉድጓድ ይመስላል። ያን ጊዜ ፕሮግራሙ ወደ 10 ሰዓት ተኩል ይገፋ። የፋሲለደስ መዋኛን «ውሃው ላይ ጥላችን እንዲታይ» ብለው የሚጠይቁ ሙሽሮች ይገጥሟችኋል፤ ገንዳው የሚሞላው ለጥምቀት ስለሆነ በሌላው ጊዜ ሄዳችሁ ሳታዩ ቃል አትግቡ። ቅጥሩን አንቀው የያዙት የዛፍ ሥሮች ግን ዓመቱን ሙሉ አሉ፤ ለእኔ ከውሃው ይልቅ እነሱ ይሻሉኛል።

ድንኳን ውስጥ ፍላሽን ወደ ላይ ማዞር ጠላት ነው። ሸራው ሰማያዊ ከሆነ እንግዳው ሁሉ የታመመ ይመስላል፤ ቢጫ ከሆነ ደግሞ ጥርስና የዓይን ነጩ ሳይቀር ቢጫ ይለብሳል። በኮምፒውተር አይጠራም፣ ምክንያቱም ቀለሙ በፊቱ ላይ እኩል አልተቀባም። ፍላሹን ከካሜራው አውርዳችሁ በስታንድ ላይ ነጭ ጃንጥላ አድርጉለት። አዳራሽ ውስጥ መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ፎቶው መስመር ከጣለ ሹተሩን 1/100 ላይ አውርዱት። እስክስታውን ፍላሹ ያስቆምላችኋል።

ባትሪ ለአንድ ካሜራ 3፣ ሁሉም በዋዜማው ቀን ይሞሉ፤ ሌሊት ቻርጅ ሰክቶ መተኛት መብራት ለሚጠፋበት ከተማ አይሆንም። ሁለት ካርድ የሚወስድ ካሜራ ካላችሁ ሁለቱም ላይ እኩል ይጻፍ። 24 ሜጋፒክስል ራው ከ25 እስከ 30 ሜጋባይት ስለሚሆን 64 ጊጋ ካርድ ወደ 2,000 ፎቶ ይይዛል። ካርድ የሚጠረገው በራሱ በካሜራው ነው፤ እሱም ፎቶው ሁለት ሌላ ቦታ ላይ መቀመጡን በዓይናችሁ ካያችሁ በኋላ።

አልበም ሲሠራ ከሁሉ በላይ የማልወደው ፊት ማንጣት ነው። ጠይም ሙሽሪትን አንጥቶ እጇን ጠይም የሚተው አልበም አይታችኋል። ብጉር ይጠፋል፣ የፊት ቀለም ይቆያል። ሕትመት ጠቁሮ ከመጣባችሁ ጥፋቱ የማተሚያ ቤቱ ላይሆን ይችላል፤ የኮምፒውተራችሁ ስክሪን ብርሃን በዝቶ ፎቶውን ከልኩ በታች አጨልማችሁት ይሆናል። ብርሃኑን ቀንሱና መጀመሪያ አንድ ገጽ አሳትሙ። 30 በ40 ሴንቲ ሜትር በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ወደ 17 ሜጋፒክስል ይፈልጋል፤ የቴሌግራም ኮፒ ልኮ «ለምን ደበዘዘ?» ማለት አይቻልም።

አሁን ወደ ካሜራውና ገንዘቡ። የጥያቄያችሁ መልስ «ሁለት ያገለገሉ ከአንድ አዲስ ይሻላሉ» ነው፤ ቅዳሴ መሃል ካሜራ ቢሞት የአዲሱ ዋስትና ፎቶ አያነሳላችሁም። ሹተር ያረጃል። ለ150,000 ጊዜ የተሠራ ካሜራ በየሠርጉ 2,500 ጊዜ ከተጫነ 60 ሠርግ ነው፤ ስለዚህ ከየሠርጉ የካሜራውን ዋጋ 1/60 ለይታችሁ አስቀምጡ። ዋጋችሁን ሰፈር ውስጥ ካለው ርካሽ ሰው ጋር እያያችሁ የምትተምኑ ከሆነ ይህን ሒሳብ አልሠራችሁትም ማለት ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ የኦርቶዶክስ ሠርግ የለም፤ የጥር ገንዘብ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ መድረስ አለበት።

ውል ጻፉ፣ ለዘመድም ቢሆን። ስንት ሰዓት፣ ስንት ፎቶ፣ የአልበሙ ገጽ፣ የሚረከብበት ቀን፣ መልስና ቅልቅል ይጨምር አይጨምር። ቀብድ ስትቀበሉ የምትቀበሉትን እወቁ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሌላ ስምምነት ከሌለ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ቢተው እጥፉን ይመልሳል። የተሻለ ሥራ መጣ ብሎ መቅረት እንግዲህ በእጥፍ ነው። በዚያው ሕግ ቁጥር 27 የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ አይታይም፤ ለገጻችሁ ማስታወቂያ የምታወጡትን በውሉ ላይ አስፈርሙ።

የመጨረሻው ስለ አዛውንቶቹ ነው። በየሠርጉ፣ ማንም ሳያዛችሁ፣ አያቶችንና ወላጆችን ለየብቻቸው በ85 ሚሊ ሜትር አንድ አንድ አንሱ፤ ከደረት በላይ፣ ዓይናቸው የጠራ፣ ከኋላቸው ዝርክርክ ነገር የሌለበት። ማኅደሩን በሙሽሮቹ ስምና በዓመተ ምሕረት ሰይሙት፤ አንዱን ሃርድ ዲስክ ከቤታችሁ ውጭ ዘመድ ጋ አስቀምጡ። ከዓመታት በኋላ አንድ ሰው ጋቢ ደርቦ በማለዳ በራችሁን ያንኳኳል፤ ለለቅሶ ቤት የሚሆን የአባቱ ፎቶ ቸግሮት ነው። ያን ቀን የማተሚያውን ብቻ ተቀበሉት፣ የፍለጋውን አታስከፍሉት። ከቀብር በፊት እንዲደርስም ማተሚያ ቤቱ ሳይከፈት በሩ ላይ ተገኙ።