ትራንስፎርመርን በኢንዳክተር ቦታ ለምትጠቀሙ ወጣቶች

ልጆቼ፣ የፊልተር ሰርኪዩት ስትሠሩ ንድፉ ላይ 0.5 ሄንሪ ወይም 10 ሄንሪ የሚል ኢንዳክተር (የሽቦ ጥቅል፤ መጠኑ፣ ማለትም ኢንዳክታንሱ፣ በሄንሪ ይለካል) ያጋጥማችኋል። ካፓሲተርና ሬዚስተር በየዓይነቱ ይገኛል፤ ይህን የሚያህል ኢንዳክተር ግን ሱቅ ለሱቅ ቢዞሩም አይገኝም። ትራንስፎርመር በአንጻሩ ሞልቷል፤ ምናለሽ ተራ ከተፈታ ሬዲዮ፣ ከድሮ ሞደም ወይም ከአሮጌ ዩፒኤስ የወጣ በርካሽ ይሸጣል። አንዱን ጥቅል ተጠቅሞ ሌላውን ክፍት መተው ያስኬዳል። ችግሩ፣ ላዩ ላይ የሚጻፈው ቮልት ወይም ኦም እንጂ ሄንሪ አይደለም። «1 ኪሎ ኦም ለ8 ኦም» የሚለውም ቢሆን የሚነግራችሁ የጥቅሎቹን ንጽጽር ብቻ ነው። ስለዚህ መለካት ግድ ነው።

ከጥቅሉ ጋር በትይዩ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር እሰሩ። ከሲግናል ጄኔሬተሩ በ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል ሲግናል አስገቡና በጥቅሉ ላይ ያለውን ቮልቴጅ በኦሲሎስኮፕ እያያችሁ ፍሪኩዌንሲውን ቀይሩ። ቮልቴጁ ጫፍ የደረሰው 712 ኸርዝ ላይ ከሆነ 0.5 ሄንሪ ይዛችኋል፤ 503 ላይ ከሆነ 1 ሄንሪ። ካፓሲተሩ ፊልም ይሁን፤ ርካሹ ሴራሚክ ከተጻፈበት ዋጋ በጣም ስለሚርቅ ስሌቱን ያበላሽባችኋል። ከዚያ የጄኔሬተሩን ቮልቴጅ ከፍና ዝቅ አድርጉት። ጫፉ ቦታውን ሲቀይር ታያላችሁ፤ የብረት ኮር (ሽቦው የተጠመጠመበት ብረት) ያለው ጥቅል ኢንዳክታንስ እንደ ሲግናሉ መጠን ይለዋወጣልና። መለካት ያለባችሁ ሰርኪዩቱ በሚሠራበት መጠን ነው።

ክፍት የተተወው ሰከንደሪ (ሁለተኛው ጥቅል) በስህተት ከተነካካና ሾርት ከሆነ ኢንዳክታንሱ ወደ ጥቂት በመቶ ይወርዳል፤ ፊልተሩም የለም ማለት ነው። ግን ይኸው ጥቅል ይጠቅማችኋልም። 1 ኪሎ ኦም ለ8 ኦም በሆነው ትራንስፎርመር ሰከንደሪ ላይ 100 ኦም ብታስሩ በፕራይመሪው (በመጀመሪያው ጥቅል) በኩል 125 እጥፍ (1000 ለ8 ሲካፈል)፣ ማለትም 12.5 ኪሎ ኦም ሆኖ ይታያል። የፊልተሩ ጫፍ በጣም ከሾለና ድምፁ የሚጮህ ከሆነ፣ ሌላውን ሰርኪዩት ሳትነኩ እዚያ ላይ በተሰካ ፖቴንሽዮሜትር ማለስለስ ትችላላችሁ። እኔ ከዚህ የተሻለ ማስተካከያ አላውቅም። ሁለት እኩል ጥቅሎች ካሉና በአንድ አቅጣጫ ተከታትለው ከታሰሩ ኢንዳክታንሱ 4 እጥፍ ይሆናል፤ በተቃራኒ ከታሰሩ ደግሞ ወደ ዜሮ ይጠጋል።

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው ግን ዲሲ (አቅጣጫው የማይለዋወጥ ኮረንቲ) ላይ ነው። ተራ የመብራት ትራንስፎርመር ላሜራዎቹ (ኮሩ የተሠራባቸው ስስ ብረቶች) አንዱ ከግራ አንዱ ከቀኝ እየተሰካኩ ክፍተት ሳይኖራቸው የተደረደሩ ናቸው። በጥቅሉ ውስጥ ዲሲ ስታሳልፉ ኮሩ ቶሎ ይጠግባል (ተጨማሪ ማግኔትነት መያዝ ያቅተዋል)፤ ከጠገበ በኋላ ኢንዳክተር ሳይሆን ሽቦ ነው። የ50 ኸርዝ መብራት ሙሉ ሬክቲፋይ ሲደረግ (ወደ ዲሲ ሲቀየር) ሪፕሉ፣ ማለትም በዲሲው ላይ የሚቀረው መወዛወዝ፣ 100 ኸርዝ ነው። በዚያ ላይ 10 ሄንሪ ከ47 ማይክሮፋራድ ጋር ሪፕሉን ወደ 180 እጥፍ ገደማ ይቀንሳል። ኮሩ ጠግቦ 1 ሄንሪ ብቻ ቢቀር ግን 17 እጥፍ ገደማ ነው የምታገኙት። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ከኢንዳክተሩ በፊትና በኋላ ያለውን ሪፕል እየለካችሁ ጭነቱን ጨምሩ። የሁለቱ ንጽጽር ካልተለወጠ ደህና ነው፤ እየጠበበ ከሄደ ኮሩ እየጠገበ ነው።

መፍትሔው ክፍተት መስጠት ነው። ላሜራዎቹን አውጡ። በቫርኒሽ ስለሚጣበቁ የመጀመሪያውን በስስ ቢላ ፈልቅቁት፤ እሱ መጣመሙ አይቀርምና አትዘኑበት። ከዚያ ኢ ቅርጾቹን ሁሉ በአንድ በኩል፣ አይ ቅርጾቹን በሌላ በኩል ደርድሩና መሃላቸው አንድ የፎቶኮፒ ወረቀት አስገቡ። ወረቀቱ 0.1 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ የማግኔት መስመሩ ሁለቴ ስለሚሻገረው ክፍተቱ 0.2 ይሆናል። ሄንሪው በርግጥ ያንሳል፣ ግን ዲሲ ሲመጣ ባለበት ይቆያል። አጥብቃችሁ ካላሰራችሁት ሲጮህ ይውላል።

ይህን ሁሉ ከመፍታታችሁ በፊት ግን የድሮውን ከባድ የፍሎረሰንት ባላስት አስቡበት። የ36 ዋት ባላስት ክፍተት ያለው ኮር አለው፤ ወደ 1 ሄንሪ ገደማ ሲሆን 0.4 አምፒር ያህል እንዲሸከም የተሠራ ነው። ለብዙ ፓወር ሰፕላይ ከትራንስፎርመር ይሻላል። ቀላሉ ኤሌክትሮኒክ ባላስት አይሆንም። ከባለ አንድ ቫልቭ ሬዲዮ የወጣ የስፒከር ትራንስፎርመርም ክፍተቱን ይዞ ነው የሚመጣው። የሞደም ትራንስፎርመሮች ግን ብዙዎቹ ዲሲ ፈጽሞ አይችሉም፤ በፊታቸው ካፓሲተር አስገቡ።

የ12 ቮልቱን ጥቅል እንደ ኢንዳክተር ከተጠቀማችሁ የ220ው ጫፎች ባዶ መስለው ያታልሏችኋል። 5 ቮልት ሪፕል እዚያ ከ90 ቮልት በላይ ይሆናልና ሁለቱንም ጫፎች ለየብቻ ሸፍኑ። ሲሰካ ብቻ ሳይሆን ሲነቀልም ይመታል።

በመጨረሻ አቀማመጥ፦ የድምፅ ፊልተር ኢንዳክተርን ከፓወር ትራንስፎርመሩ አርቁ፣ ጥቅሎቹንም እርስ በርስ በ90 ዲግሪ ማዕዘን አስቀምጧቸው። ሻሲው ላይ ከመበሳታችሁ በፊት ኃይል ሰጥታችሁ በእጃችሁ እያዞራችሁ አድምጡ፤ እዥታው የሚጠፋበት ቦታ ላይ ነው ቀዳዳው የሚበሳው።