ጨርቁን ለምን ይቀቅሉታል?

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ፣ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ነርሲንግ የምትማረው፣ ድንገት ጓሮ ብቅ ብላ ከበርሜል ሥር እሳት ሳነድ አገኘችኝ። በርሜሉ ውስጥ የነበረው ከልብስ ሰፊዎች ደጃፍ የለቀምኩት ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው። «ሲስተር፣ ይሄን ሁሉ ጨርቅ ለምን ይቀቅሉታል? ገና ከጣቃው የተቆረጠ አዲስ አይደል እንዴ?» አለችኝ።

«ኋላ እንዳይሰበሰብ ነው፤ ቀለምም እንዳይለቅ» አልኳት።

በእንጨቱ አንዱን ቁራጭ አወጣችና በጣቷ አሸት አሸት አደረገችው። «ይሄ እኮ ፖሊስተር ነው። ፖሊስተር በሙቅ ውኃ ይሰበሰባል?»

አይሰበሰብም። እንዲያውም ሲቀቀል የማይለቅ መጨማደድ ይይዛል፤ ካውያም አይፈታውም። ይህን ከእሷ በፊት አውቀዋለሁ። መልስ አጣሁና «እሳቱን አየት አድርጊልኝ» ብዬ ወደ ቤት ገባሁ። ለእሷ ያልነገርኳትን ለእናንተ ለወጣቶቹ ልጽፈው ነው። እሷም ታነበው ይሆናል፤ ስልክ ከእጇ አይለይም።

38 ዓመት በጤና ሙያ ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ ድሪቶ መደረት ነው። ስሙን ስትሰሙ ትስቃላችሁ። ድሪቶ ለእናንተ የለማኝ ልብስ ነው፤ ሲከፋም የተዝረከረከ ጽሑፍ መስደቢያ። የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ ፓችወርክ በይው፣ ክብር አለው» ብሎ መክሮኛል። የቸገረው እሱ ይበለው።

ዘንድሮ ሦስት ጀምሬ ሁለት ጨርሻለሁ። አንደኛዋ ለልጅ ልጄ የሠራኋት ናት፤ ካረጁ ነጠላዎቼ ጥለት ጥለቱን ቆርጬ አቡጀዲ ላይ የደረደርኩት። ሁለተኛዋ የዩኒፎርም ናት። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የከተማችን ልብስ ሰፊዎች ሌት ተቀን የተማሪ ልብስ ነው የሚሰፉት፤ ማታ ማታ ሰማያዊውና ካኪው ቁራጭ በማዳበሪያ ከረጢት ደጃፍ ይጣላል። እሱን ለቅሜ ሠራኋት። መሐሏ አሮጌ ጋቢ ነው። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ እንደ ልቅ ጥጥ ሲታጠብ ወደ ጥግ አይሸሽም። ገበሯ ደግሞ የእናቴ አንሶላ ነው፤ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ፣ ያ በጣልያን የጦር ካሳ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው ፋብሪካ ያወጣው። እናቴ ያንን አንሶላ ለእንግዳ ብቻ ነበር የምታነጥፈው። እንግዳውም እንዳያቆሽሽ ሲፈራ እንቅልፍ ሳይወስደው ያድር ነበር፤ አንድ አጎቴማ መሬት ላይ ተኝቶ ሲነጋ አንሶላውን እንዳልተነካ አድርጎ ሊያስተካክለው ሲታገል ደርሼበታለሁ።

ሦስተኛዋ አሰቃየችኝ። ሦስት ማዕዘን እየቆረጥኩ ኮከብ ላወጣባት ነበር። ጨርቅ በድሩ ወይም በማጉ በኩል ቢጎትቱት እምቢ ይላል፤ በሰያፍ የተቆረጠ ከሆነ ግን ይለጠጥላችኋል፣ የኮከቡ ጫፍም እንደ ውሻ ምላስ ይንጠለጠላል። መስመር ላይም ስቻለሁ። በአንድ ስፌት 2 ሚሊ ሜትር ትርፍ ብትይዙ በሁለቱም ጎን ስለሆነ 4 ይሆናል፤ አሥር ቁራጭ በዘጠኝ ስፌት ሲያያዝ 36 ሚሊ ሜትር ጠፍቷል ማለት ነው። አንዱ ረድፍ ከሌላው በሁለት ጣት አጠረ። ለጎረቤት ልጆች ትዕግሥት አስተምርበታለሁ ያልኩትን ሥራ እኔው ተናድጄ ቁም ሣጥን ላይ ወርውሬዋለሁ።

አሁን ወደ በርሜሉ።

በ1976 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ 22 ዓመቴ ነበር። ከጮቄ ተራራ ሥር ባለች አንዲት ክሊኒክ ጤና ረዳት ነበርኩ። ያን ክረምት የሚያገረሽ ትኩሳት ገብቶ ነበር። ሰው አምስት ስድስት ቀን እንደ ምጣድ ይግልና ይለቀዋል፤ ዳነ ተብሎ ወደ ማሳው ሲመለስ፣ ከሳምንት በኋላ ይመጣበታል። የሚያመጣው የልብስ ቅማል ነው። ነክሶ አይደለም የሚያስተላልፈው፤ ሰው ሲያክ ይጨፈልቀዋል፣ ከውስጡ የወጣው ፈሳሽ በጭረቱ ይገባል። ክረምት የሚብሰውም ሰው ሁሉ ያለውን ደራርቦ ተጠጋግቶ ስለሚተኛ፣ ልብስም ስለማይታጠብ ነው። ቅማሉ እንቁላሉን የሚጥለው ስፌት ውስጥ ነው። እንግዲህ ከልብስ ሁሉ ብዙ ስፌት ያለው የትኛው እንደሆነ ልነግራችሁ አልፈልግም።

አንዲት እማሆይን በቃሬዛ አመጧቸው። ፔኒሲሊን ወጋኋቸው። ይህ በሽታ መድኃኒቱ ከገባ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ክፉኛ ያንቀጠቅጣል፤ ትኩሳቱም ይጨምራል፤ ልብም የሚደክመው ያኔ ነው። ሌሊቱን እጃቸውን ይዤ አደርኩ። እዚህ ላይ ራሴን አልወቅስም፤ ጥሩ ሠርቻለሁ። በማግሥቱ አርብ አጥሚት ጠጡ፣ መረቁኝ።

ቅዳሜ ጧት ድሪቷቸውን ከደጅ አወጣሁ። ትንሽ ጥጃ ታህላለች፣ ከባድ ናት። የስንት ዓመት እራፊ እንደተደራረበባት እንጃ፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላ ሲጣፍበት፣ የመጀመሪያው ጨርቅ የትኛው እንደነበር አይታወቅም። የሰፏት ራሳቸው በፈተሉት ነጭ ፈትል ነው፤ ስፌቱ ጠጋ ጠጋ ያለ፣ እንደ ጉንዳን ሰልፍ። በአንዱ ጥግ ላይ ከካኪ ሸሚዝ የመጣ ሙሉ ኪስ ነበር፣ ከነክዳኑ፣ ከነቁልፉ። ቁልፉ ተቆልፏል። ውስጡ ምን እንዳለ አላየሁም።

ከበላይ የመጣው መመሪያ «ወይ ቀቅሉ ወይ አቃጥሉ» ነበር። ምርጫው የእኔ ነው። በርሜል ነበረን። ሦስተኛም መንገድ ነበር፦ በከረጢት አስሮ ሁለት ሳምንት ከሰው ገላ ማራቅ። ደም ያጣ የልብስ ቅማል ሳምንት እንኳ አይቆይም፤ እንቁላሉ ቢፈለፈልም የሚጠጣው የለውም። ይህን ሁሉ ተምሬያለሁ፤ ፈተና ላይም ጽፌዋለሁ።

ግን እንጨቱ እርጥብ ነበር። ያንን የሚያህል ነገር ለመቀቀል ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ በሐምሌ ለማድረቅ ደግሞ ሳምንት። ለገበያ የመጣው ኤንትሬ የጭነት መኪና ከቀትር በፊት ወደ ደብረ ማርቆስ ይመለሳል። ክረምት ስለሆነ ቢያመልጠኝ የሚቀጥለው በሳምንቱ ነው። ደመወዜን ልቀበል ነበር። ደመወዝ ብቻም አልነበረም፤ ሌላው ጉዳይ የ22 ዓመት ልጅ ጉዳይ ነው፣ እሱን ለልጆቼም አልነገርኳቸው።

«በእንዶድ አጥቤያት ነበር እኮ፣ ልጄ» አሉኝ እማሆይ።

ሳቅኩ። በእንዶድና በቀዝቃዛ ውኃ ቅማል አይሞትም፣ ልክ ነበርኩ። ግን ያሳቀኝ ይህ ብቻ አልነበረም። እኛ ከትምህርት ቤት የወጣን ልጆች እንዶድን የኋላ ቀር ሳሙና ነው የምንለው። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ዐድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይቶ፣ የብልሃርዝያን አስተላላፊ የሚገድል ነገር እንዳገኘ የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው።

«እንግዲያስ አንዲት እራፊ ልቁረጥ። ያችን ኪሷን» አሉ።

«አይቻልም፣ እማሆይ። በሽታው ያለው ስፌቱ ውስጥ ነው።»

«አንች ካልሽ» አሉ። አላለቀሱም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከክሊኒኩ ጀርባ ጉድጓድ ውስጥ ላምባ አርከፍክፌ ለኮስኳት። ጥቅጥቅ ያለ ጥጥ እንዲህ በቀላሉ አይነድም፤ ይጨሳል። እስኪያልቅ አልጠበቅኩም። ኤንትሬው ጥሩምባውን ነፋ፣ ሮጥኩ። ያችን ሴትዮ በሐምሌ፣ በጮቄ ብርድ፣ በአንዲት ነጠላ ወደ ቤታቸው ሸኝቼ መሄዴ ትዝ ያለኝ መንገድ ላይ መኪናው ጭቃ ይዞት ስንወርድ ነው። የመንግሥት ብርድ ልብስ እስኪመጣላቸው ሁለት ሳምንት አለፈ።

ከደብረ ማርቆስ የተመለስኩት በዚያው ሳምንት ማለቂያ ላይ ነው። ጉድጓዱን ላየው ሄድኩ። ዝናቡ እሳቱን አጥፍቶታል። ከጥቁሩ አመድ ጠርዝ ላይ ኪሱ አለ። ግማሹ ከስሏል፤ ክዳኑና ቁልፉ ግን እንዳሉ ናቸው። በዚያ ሁሉ ሙቀት ያለፈ ጨርቅ ውስጥ ነፍስ ያለው ነገር አይቀርም። አንስቼ፣ አፍልቼ፣ ለባለቤቷ ልሰጣት እችል ነበር።

በእንጨት ገፋሁና ወደ አመዱ መለስኩት። አፈር አለበስኩት።

ለምን እንደሆነ ብዙ ዓመት አስቤበታለሁ። ኪሱን ብሰጣቸው፣ ቅዳሜ ዕለትም መቁረጥ ይቻል ነበር ማለት ይሆንብኛል። ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

መስከረም ላይ እማሆይ በትንሽ ስልቻ የገብስ ቆሎ ይዘው መጡ፤ ሊያመሰግኑኝ። አብረን ተቀምጠን ቆሎውን ቆረጠምን። በመካከል «ያች ነገሬ፣ በደንብ ነደደች?» አሉ።

«አዎ፣ እማሆይ።»

«ምንም አልተረፈ?»

«ምንም።»

«እንኳን። ሌላ ሰው እንዳታሳምም» አሉና ስልቻውን አራግፈው የቀረውን ቆሎ እጄ ላይ አደረጉልኝ።

በዓመቱ ተዛወርኩ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

ምክር ተብሎ የተጠየቀ ሰው እጅ ታጠቡ፣ ሰው አክብሩ፣ አንብቡ ይላል። እሱን አስተማሪዎቻችሁ ይንገሯችሁ። እኔ የምለው ለጤና ተማሪዎቹ ነው፦ መመሪያ «ወይ ይህ ወይ ያ» ሲላችሁ የትኛው ለእናንተ እንደሚቀል ቀድማችሁ እወቁ፤ የምትመርጡት እሱን ነውና። ደግሞ ይህን ስል ቅማሉን እዘኑለት እያልኩ አይደለም። ያ ክረምት ቢመለስ፣ ወረፋው እንደዚያ ደጅ ሞልቶ ቢሆን፣ እንደገና አቃጥል ይሆናል። ኪሱን ግን እቆርጥ ነበር። እቆርጥ ነበር ብዬ አስባለሁ።

የዛሬ ልጆች ትቸኩላላችሁ ልል ነበር። ኤንትሬውን ካወራሁ በኋላ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ሌላው ግን ያናድደኛል፦ ድሪቶ ባያችሁ ቁጥር «ስንት ትሸጭዋለሽ?» ትላላችሁ። የአንዷ ዋጋ ሦስት ወር ነው፣ ማን ይገዛዋል? አልሸጥም። እውነቱን ለመናገር አንዷን ሸጫለሁ፤ የሲንጀር መኪናዬ ተሰብሮ ማሠሪያ ሲያጥረኝ። ገዢዋ ውሻዋን እንደምታስተኛባት ስሰማ ሦስት ቀን አኮረፍኩ፤ ከዚያ ውሻም ይበርደዋል ብዬ ተውኩት። በእጅ ብቻ የሚሰፋ ነው እውነተኛው ስል የኖርኩትም እኔ ነኝ፤ አሁን ረድፉን ሁሉ በመኪና ነው የማያይዘው። በእጄ የምወሰውሰው ሦስቱን ንብርብር አንድ ላይ ሲያያዙ ብቻ ነው፤ እሱም ማታ ማታ፣ ጣቴ እስኪቆስል።

አንቺ የጎረቤቴ ልጅ ደግሞ ቅዳሜ ነይ። ፖሊስተሩን ብቻውን ለይተን እናስቀምጠዋለን፤ እንደ ሰው በለብታ ውኃ እናጥበዋለን። ቀዩን ጨርቅ ካመጣሽ ግን እርጥብ አድርገሽ ነጭ ጨርቅ ላይ በካውያ ተጭነሽ ፈትኝው፤ ባለፈው ዓመት አንድ ቀይ እራፊ ሙሉ ድሪቶ ሐምራዊ አድርጎብኛል። አሮጌ ሸሚዝ ካለም አምጪ። ዚፑንና አንገትጌውን እቤትሽ ፍቺው፣ ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም። ኪስ ካለው ኪሱን አትንኪው።